ጎርፉ የማን ቤት ገባ? አየር ንብረትና ፍትሕ ላይ መሥራት ለሚፈልግ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው

«ሶሲዮሎጂ ተምረሽ አየር ንብረት ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ዝናብ ልትለኪ ነው?»

ይህን ስንቴ እንደተባልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። አየር ንብረት ሲባል የሚታያቸው ሳተላይት፣ የሚቀልጥ በረዶ፣ ከዚያ ደግሞ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው። እኔም ክርክር አልገጥምም። የቺካጎን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ጁላይ 1995 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋን ኃይለኛ ሙቀት መታት። ቴርሞሜትሩ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ነካ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወትሮው በላይ 739 ሰው ሞተ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ ሶሲዮሎጂስት በኋላ ተነስቶ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ ለምን ብቻውን እንደሞተ ሲያጣራ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አነጻጸረ፦ ሰሜን ሎንዴልንና ደቡብ ሎንዴልን። ሙቀቱ ያው ነው። ድህነቱ ተቀራራቢ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንም በሁለቱም አሉ። ሞቱ ግን ለየቅል ሆነ። በሰሜኑ ከ100,000 ነዋሪ 40 ገደማ፣ በደቡቡ 4 ገደማ።

ልዩነቱ የነበረው መንገዱ ላይ ነው። በደቡቡ ሱቁ ክፍት ነው፤ ሰው ይወጣል፣ ይገባል። አንዲት አሮጊት ቤታቸው ሲግልባቸው ወጣ ብለው ቀዝቃዛ ሱቅ ውስጥ መቆም ይችላሉ። ሁለት ቀን ካልታዩም «የት ጠፉ?» የሚል ሰው አለ። በሰሜኑ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሱቁም ተከትሎት ሄዷል፤ ባዶ ቦታው በዝቷል፤ አረጋውያኑ ውጭውን ፈርተው በራቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት። ይህን የትኛውም የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ አይነግራችሁም።

የእኛ ሥራ እዚያ ጋ ነው። ልትገቡበት ካሰባችሁ፣ እኔ በብዙ ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሁለቱን ቃላት አትቀላቅሉ

የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ሁለት ቃላት ተያይዘው ይመጣሉ። አንደኛው የመቋቋም አቅም ነው፤ በቢሮ ቋንቋ «አይበገሬነት» የሚባለው። ድርቁ፣ ጎርፉ ወይም ሙቀቱ ሲመጣ ሰው ሳይፈርስ እንዲያልፈው፣ ከወደቀም እንዲነሳ የሚያደርገው ነገር ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ፍትሕ ነው። ብክለቱና አደጋው የሚከመረው ማን ላይ ነው? ጥቅሙስ ወደ ማን ይሄዳል? ሲወሰንስ ማን ተጠየቀ?

ከላይ ሲታዩ ወዳጆች ናቸው። ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይጣላሉ። የጎርፍ መከላከያ ግንብ አንዱን ሰፈር ሲያድን ውሃውን ወደታችኛው ሰፈር ሊገፋው ይችላል። የላይኛው «አይበገሬ» ሆነ፤ ሪፖርቱም ተጻፈ፤ የታችኛውን ማንም አልጠየቀው። ደግሞ በየዓመቱ ቤቱ የሚፈርስበትን ሰው «የመቋቋም አቅምህን እንገነባለን» ማለት አንዳንዴ «ቻለው» ከማለት አይለይም። ቃሉን በጻፋችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ነው የሚቋቋመው? ምንን? እስከ መቼ?

ፍትሑን ደግሞ ምሁራኑ በሦስት ይከፍሉታል፦ የክፍፍል፣ የአካሄድና የዕውቅና። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ክፍፍሉ ነው፤ ካርታ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ። አካሄዱ ግን ጉድ ያለበት ቦታ ነው። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ሰዓት ነው? በየትኛው ቋንቋ ነው የተመራው? ቃለ ጉባኤው ላይ የሴቶቹ አስተያየት «ሴቶችም ተሳትፈዋል» በሚል አንድ መስመር ነው የተዘጋው? የዕውቅናው ፍትሕ የሚጎድለው ደግሞ አንድ ማኅበረሰብ የራሱ ዕውቀት እንዳለው ጭራሽ ሳይታሰብ ሲቀር ነው።

ዘርፉን ያስጀመረው የተማሪዎች የቤት ሥራ ነው (ማለት ይቻላል)

1979፣ ሂውስተን፣ ቴክሳስ። ሮበርት ቡላርድ የተባለ ወጣት የሶሲዮሎጂ መምህር አለ። ባለቤቱ ሊንዳ መኪቨር ቡላርድ ጠበቃ ናት። ሰፈራችን ውስጥ ቆሻሻ መድፊያ አይገባም ያሉ ነዋሪዎችን ይዛ ክስ መሥርታለች። አንድ ነገር ጎደላት፦ እስከዛሬ የከተማው ቆሻሻ የት የት ሲደፋ እንደኖረ የሚያሳይ ማስረጃ። ባሏን ጠየቀችው።

ቡላርድ ተማሪዎቹን አሰማራ። ያኔ እንደዛሬው ላፕቶፕ ከፍቶ ካርታ መሥራት የለም። መዝገብ ማገላበጥ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ በእጅ ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የወጣው ውጤት ይህን ይመስላል። ከከተማው አስተዳደር 5 ቆሻሻ መድፊያዎች አምስቱም ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ነበሩ። ከ8ቱ የአስተዳደሩ ማቃጠያዎች 6ቱ። ከ4ቱ የግል መድፊያዎች 3ቱ። ጥቁሮች ግን የከተማዋ ሕዝብ ሩብ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ፍርድ ቤት ተረቱ። ይህን አስምሩበት፤ ጥሩ መረጃ ይዞ መሸነፍ የዚህ ሙያ አንዱ ክፍል ነው። ጥናቱ ግን መንገድ ከፈተ። በ1982 ሰሜን ካሮላይና ዋረን ካውንቲ ውስጥ መርዛማ አፈር እንዳይደፋባቸው መንገድ ላይ የተኙ ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። በ1987 የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ቤተ ክርስቲያን ያስጠናው ጥናት የሂውስተኑ ነገር በመላ አገሪቱ እንዳለ አሳየ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩን ከሥራቸው እንዲያስገቡ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። (የዚህን ትእዛዝ መጨረሻ በኋላ እነግራችኋለሁ።)

ለምን ይህን አበዛሁት? ለመጀመሪያ ሥራችሁ የሚሆን ንድፍ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ቡላርድና ተማሪዎቹ የዞሩት ለብቻው ሲታይ ማንንም የማያስደንቅ መረጃ ፍለጋ ነው። የመድፊያ ዝርዝር አለ፤ ማን የት እንደሚኖር የሚያሳይ መረጃ አለ፤ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው አልነበረም። እናንተም ሁለት ዝርዝር ፈልጉ። አንዱ የአካባቢ ነገር ይሁን፦ የዛፍ ጥላ፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ፣ የጤና ጣቢያ ርቀት፣ ጎርፍ የገባባቸው መንገዶች። ሌላው ሰው ይሁን፦ ኪራይ፣ ዕድሜ፣ ገቢ፣ ቤቱ የተሠራበት ነገር። አስተካክላችሁ ጎን ለጎን አኑሯቸው። ካልተያያዙም «አልተያያዙም» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ወር ይፈጃል፤ ከየትኛውም ሰርተፊኬት በላይ ደግሞ በር ይከፍታል።

ስለ አየሩ ምን ያህል ልወቅ?

ሚቲዎሮሎጂስት መሆን አይጠበቅባችሁም። ስብሰባ ላይ ግን መጥፋት የለባችሁም።

ከሁሉ በፊት የሥጋትን አሠራር ተረዱ። አይፒሲሲ፣ ማለትም የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ቡድን፣ ሥጋት የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ነው ይላል። ክስተቱ አለ፦ ጎርፉ። ፊት ለፊቱ መገኘት አለ፦ ቤቱ ወንዝ ዳር ነው። ተጋላጭነት አለ፦ ቤቱ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም፣ ልጁ በሽተኛ ነው፣ ተከራይ ስለሆኑ ለቤቱ ካሳ አይመለከታቸውም። መሐንዲሱና የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ ያውቋቸዋል። ሦስተኛው የእናንተ ነው። «እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ስትሸማቀቁ ይህን አስታውሱ።

የ2022ቱን የአይፒሲሲ ሪፖርት ሙሉውን አታንብቡት፤ ዕድሜ አይበቃም። ለፖሊሲ አውጪዎች የተዘጋጀውን አጭሩን አንብቡ። እዚያ ላይ ከ3.3 እስከ 3.6 ቢሊዮን ሕዝብ በከፍተኛ ሁኔታ ተጋላጭ በሆነ ሁኔታ ውስጥ እንደሚኖር ተጽፏል። ከ2010 እስከ 2020 በጎርፍ፣ በድርቅና በማዕበል የሞተው ሰው በጣም ተጋላጭ በሆኑት አካባቢዎች እምብዛም ተጋላጭ ካልሆኑት ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ነበር። ፕሮፖዛል ስትጽፉ በዚህ ቁጥር መጀመር ትችላላችሁ፤ ሁሉም ይጀምርበታል እንጂ።

ጥያቄ አጠያየቅ፣ ወይም ላሚቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሙያው ያለው እዚህ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ጎርፍ የሚያጠቃው አንድ ወንዝ ዳር መንደር ለጥናት ተላክን። ታብሌት ይዘናል፣ መጠይቁ ተጭኗል፣ ጥያቄዎቹም ቆንጆ ናቸው። ቁጥር 14፦ «ባለፈው ጎርፍ ጊዜ የማስጠንቀቂያ መልእክት ደርሶዎት ነበር?» አዎ ወይም አይደለም። ሰዉ ሁሉ «አዎ» አለ። ደስ አለን። ማስጠንቀቂያው ሠርቷል ብለን ልንጽፍ ነው።

በመጨረሻው ቀን አንዲት እናት ቁጥር 14 ላይ «አዎ» ብለው ዝም አላሉም። «ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ፣ «ግን ላሚቱን ማን ይያዝልኝ?» ታብሌቱ ላይ ለላም የሚሆን ሳጥን የለም። ዘጋሁትና ደብተር አወጣሁ። ማስጠንቀቂያው በሌሊት ደርሷቸዋል። የተባለው መጠለያ ትምህርት ቤት ነው፤ ከብት አያስገባም። ላሚቱ ከሌለች ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የለም። ስለዚህ ቀሩ። ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ላሚቱን ጎትተው ኮረብታ ላይ ወጡ። ከዚያ ተመልሼ «አዎ» ያሉኝን ሰዎች አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰምቶ የቀረው ብዙ ነው። አንዱ ለከብቱ፣ አንዱ አልጋ ላይ ለወደቀች እናቱ፣ አንዷ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ማደሩ ከብዷት።

በኋላ ሳነብ ይህ የእኛ ግኝት እንዳልሆነ ገባኝ። ባንግላዴሽ ቀድማ ከፍላበታለች። በ1970ው ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ሞተ። በ1991ዱ ወደ 140,000 ገደማ፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እጅግ በዝተው። በ2007ቱ ሲድር በተባለው ማዕበል 3,400 ገደማ። ይህ ብዙ ነው፤ ከቀድሞው ጋር ግን አይወዳደርም። ትንበያው መሻሻሉ ረድቷል። ግን ደግሞ መጠለያ ተሠርቷል፣ ለከብት «ኪላ» የሚባል ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተክቧል፣ በየቤቱ እየዞሩ የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተዋል፤ ዛሬ ከ70,000 ይበልጣሉ፣ ግማሾቹም ሴቶች ናቸው። ሴት በጎ ፈቃደኛ ለምን እንዳስፈለገ ያወቀ ሰው ቁጥር 14ን «አዎ/አይደለም» ብሎ አይጽፋትም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ነገር አለ። «የአየር ንብረት ለውጥ ጎድቶዎታል?» ብዬ አልጠይቅም። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ የሚረዳ የመጣ መስሏቸዋል። «ውሃው ቤት የገባ ቀን ከጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ ያደረጉትን ይንገሩኝ» እላለሁ። ከዚያ ዝም። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ቻሉት። ሰው ቀኑን ሲተርክ ማን መጀመሪያ እንደደወለለት፣ ምን ይዞ እንደወጣ፣ ምን ትቶ እንደሄደ፣ ማን እንዳልከፈተለት ሁሉ ይወጣል።

የቡድን ውይይት ስትጠሩ ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ተከራዮችን ለየብቻ አድርጉ። ለየብቻ ማለቴን አጥብቄ ነው። የሰፈሩ ሹም የተቀመጠበት ውይይት የሹሙ ቃለ መጠይቅ ነው። ደግሞ እግራችሁን ተጠቀሙ። ከአንድ ነዋሪ ጋር ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣችሁ ሂዱ፤ «ይህ ቦይ ከመቼ ጀምሮ ነው የተደፈነው?» በሉ። ከቢሮ ካርታ ላይ የማይገኝ ነገር በአንድ ሰዓት ታገኛላችሁ።

መሣሪያዎች፣ ባጭሩ

ቁጥር የምትፈሩ ከሆነ ቅድሚያ ፍርሃቱን አስወግዱ። «እኔ የኳሊቴቲቭ (የቃለ መጠይቅና የትረካ) ሰው ነኝ» ማለት እዚህ ዘርፍ ውስጥ ብዙ አያስኬድም። የተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ኤክሴልን በደንብ ዕወቁ፤ ማንም አያሞግሳችሁም፣ ሁሉም ይፈልጋችኋል። ከዚያ አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም። ለካርታ ኪውጂአይኤስ። መስክ ላይ መረጃ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። አር እና ኪውጂአይኤስ ነጻ ናቸው፤ ኮቦንም በነጻ መጀመር ይቻላል። ስለዚህ «ሶፍትዌር መግዣ የለኝም» የሚል ሰበብ አይሠራም።

የካርታን ጉልበት ለማየት አንድ ምሳሌ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰፈሮች ለቤት ብድር «አስተማማኝ» ወይም «አደገኛ» እየተባሉ ቀለም ይቀቡ ነበር። ቀዩ «አታበድሩባቸው» ማለት ነው፤ በአብዛኛው የጥቁሮችና የስደተኞች ሰፈር። በ2020 የወጣ ጥናት እነዚያን አሮጌ ካርታዎች በሳተላይት ከተለካ የመሬት ሙቀት ጋር በ108 ከተሞች ደረበ። በ94 በመቶዎቹ ቀይ የተቀቡት ሰፈሮች ዛሬም ከሌሎቹ ይሞቃሉ፤ በአማካይ 2.6 ዲግሪ። ዛፍ የለም፣ አስፋልት በዝቷል። ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነው የብድር ውሳኔ ዛሬ ቴርሞሜትር ላይ ይነበባል። እኔ ይህን ጥናት ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ።

ሰውን አትጉዱ

ስምምነት ማስፈረም ይታወቃል፤ እሱን አልደግምም። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ሌላ ነው። የምትሠሩት ካርታ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ያለፈቃድ የተሠራ ሰፈርን «ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ ያለበት» ብላችሁ ቀይ ብትቀቡትና ብታወጡት፣ ካርታውን መጀመሪያ የሚጠቀምበት ማን ነው? ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ክፍል ሊሆን ይችላል። ሰፈሩን ማንሳት የሚፈልገው ክፍልም ሊሆን ይችላል። ከማውጣታችሁ በፊት ነዋሪዎቹን ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ «ካርታው ይቅር፣ ጽሑፉ ይበቃል» ነው፤ አክብሩት።

ሌላው የመረጃ ማዕድን ቆፋሪነት ነው። መጥቶ ጠይቆ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የሚጠፋ ሰው። አንድ መንደር ውስጥ አንድ አባት «እናንተ አምስተኞቹ ናችሁ፤ የአራቶቹ መልስ የት ደረሰ?» ብለውኛል። ምን ትላላችሁ? ውጤቱን ወስዶ ለመመለስ የሚሆን ቀንና ትራንስፖርት በጀቱ ላይ ከመጀመሪያው አስገቡ። ኋላ «ገንዘብ አልቋል» መባሉ አይቀርም።

ሥራው የት ነው ያለው?

ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የከተማ አስተዳደሮች፣ የአደጋ ሥጋት መሥሪያ ቤቶች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ የተባበሩት መንግሥታት ቅርንጫፎች፣ አማካሪ ድርጅቶች፣ ኢንሹራንስ ሳይቀር ይቀጥራል።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ግን ሰፊ በር አለ፦ የልማት ባንኮች «ሴፍጋርድ» የሚሉት ሥራ። ግድብ፣ መንገድ ወይም የፍሳሽ መስመር በብድር ሲሠራ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ቀድሞ የሚያጠናና የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። የዓለም ባንክ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራባቸው 10 የአካባቢና የማኅበራዊ መለኪያዎች አሉት። 5ኛውን፣ መሬት ስለመውሰድና ሰውን ከቦታው ስለማንሳት የሚለውን፣ እንዲሁም 10ኛውን፣ ባለድርሻዎችን ስለማሳተፍና መረጃ ስለመስጠት የሚለውን፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ደረቅ ናቸው፤ እንቅልፍ ያመጣሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንቀጽ ጠቅሶ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሶንግዶ የሚገኘው አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድም ፕሮጀክት ሲቀርብለት የሥርዓተ ፆታ ትንተናና የድርጊት ዕቅድ ይጠይቃል። ያንን ማን ይጽፈዋል? እናንተ። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የተወሰነውና በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር የተስማሙበት የጉዳትና ኪሣራ ፈንድም አለ። የጠፋ የመቃብር ቦታ ወይም የተበተነ ጉርብትና ስንት ይገመታል የሚለውን ጥያቄ መሐንዲስ ብቻውን አይመልሰውም።

ሕጉንም ቃኘት አድርጉ። በ1998 የተፈረመው የአርሁስ ስምምነትና በ2018 በላቲን አሜሪካና ካሪቢያን የጸደቀው የኤስካዙ ስምምነት መረጃ የማግኘት፣ የመሳተፍና ፍትሕ የማግኘት መብትን ይደነግጋሉ። በጁላይ 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ በ161 ድምፅ ወስኗል። ተቃዋሚ አልነበረም፤ 8 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አስገዳጅ አይደለም፤ ደብዳቤ ስትጽፉ ግን ጉልበት ይሰጣል።

ማመልከቻችሁ ላይ ረጅም ሲቪ አትላኩ። አንድ ገጽ የጥናት ማጠቃለያ አያይዙ፤ ያ የሁለት ወር ሥራችሁ ለዚህ ነው። አናት ላይ ግኝቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። «ይህ ጥናት የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ውጤታማነት ይዳስሳል» ብላችሁ ከጀመራችሁ አንባቢው ሄዷል። «ማስጠንቀቂያው ደርሷል፤ ሰዎቹ ግን ከብታቸውን የሚያስጠጉበት ስለሌላቸው ቀሩ» ብላችሁ ጀምሩ። ከሥሩ አንድ ካርታ ወይም አንድ ሠንጠረዥ፣ ከዚያ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት። ዘዴው መጨረሻ ላይ።

ቡድን ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዲዛይኑ የሚጸድቀው መቼ ነው?» ማኅበራዊ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ነው። ቀኑን ካወቃችሁ ያልተጣራ ሦስት ገጽ ከቀኑ በፊት ትሰጣላችሁ። ቆንጆው መቶ ገጽ በኋላ ይደርሳል፤ ወይም ጭራሽ አይደርስም፤ ማንም አያዝንም።

ሳይነገራችሁ የምትገቡበት

ኮንትራቱ አጭር ነው። ስድስት ወር፣ ዓመት። ዶነር ፋሽን ይቀይራል፤ ዘንድሮ «አይበገሬነት» የተባለው ከርሞ ሌላ ስም ይወጣለታል። ያ የ1994ቱ የክሊንተን ትእዛዝ ትዝ ይላችኋል? ሠላሳ ዓመት ኖሮ በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ተሻረ። የሥራ መደባቸው ስም ላይ «የአካባቢ ፍትሕ» የሚል የተጻፈባቸው ሰዎች ምን እንደተሰማቸው አስቡት። ስለዚህ ሙያችሁን በስም አትሰሩት። ናሙና ማውጣት፣ ሰው ማዳመጥ፣ ካርታ መሥራት፣ ግልጽ አድርጎ መጻፍ፤ እነዚህ በየትኛውም ስም ይሸጣሉ።

ሌላው ሪፖርት «ለስለስ አድርጊልን» መባል ነው። አንድ ጊዜ አማካሪ ሆኜ የሠራሁለት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ «ነዋሪዎቹ አልተማከሩም» የሚለውን «ምክክሩ ሊጠናከር ይገባል» ብዬ እንድቀይር ጠየቀኝ። ክፍያው ገና አልተለቀቀም፤ የቤት ኪራይ ደርሷል። ቀየርኩት። እስከዛሬ ይቆረቁረኛል። አሁን ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ? ከመፈረሜ በፊት ሁለት መስመር አስገባለሁ፦ የእውነታ ስህተት ካልሆነ በቀር ግኝት እንደማይቀየር፣ የማንስማማበት ነገር ካለ የእነሱ አስተያየት በአባሪ እንደሚወጣ። አንዳንዶቹ እምቢ ይላሉ። እምቢ ያሉትን ቀድሜ ማወቄ ጠቅሞኛል።

እና ያቺ የወንዝ ዳር መንደር። ውጤቱን በአንድ ገጽ አድርገን፣ በትልልቅ ፊደል አትመን፣ መልሰን ወሰድነው። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍነውና አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበ። እኚያ እናት ፊት ተቀምጠው ነበር። ስማቸው የለበትም፤ «አንዲት ነዋሪ ላማቸውን ትተው መሄድ ስላልቻሉ» ነው የሚለው። ቀስ ብለው ተነሱና ወረቀቱን በጣታቸው ነኩት።

«አንድ ላም አይደለችም» አሉ። «ጥጃዋስ?»

እስክሪብቶ አውጥቼ እዚያው ግድግዳው ላይ አረምኩት።